ቀትር ላይ ፍላሽ፦ ካሜራው አናት ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ለውጭ ፎቶ ትረባለች?

የጥር ሙሽሮች መናፈሻ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ምርቃቱ፣ የበር ላይ ጭፈራውና የመኪናው ሰልፍ ሰዓቱን ይበሉታል፤ ፎቶው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሣል፤ ምሳው አይጠብቅም፣ አዳራሹም በሰዓት የተከራየ ነው። የሚወጣውን ፎቶ በየአልበሙ አይተነዋል። ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፣ ከቅንድብ ሥር ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች አሉ፣ ከአገጭ በታች አንገት የለም። ቬሎው ደግሞ ዳንቴሉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት መስሏል።

ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ካሜራው አናት ላይ ታጥፎ ተኝቷል። አብዛኛው ፎቶ አንሺ ግን አያስነሣውም። ፍላሽ የጨለማ ዕቃ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ቀን ላይ ሲበራ ያየ ደንበኛ ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። ባለሙያው ዘንድ ደግሞ ኩራት ይጨመርበታል፦ ያቺን ትንሽ መብራት ማስነሣት ትናንት ካሜራ የገዛ ሰው ምልክት ነው።

ጉዳዩን በሚያውቁት መካከልም ስምምነት የለም። አንዱ ከተፈጥሮ ብርሃን ሌላ አልነካም ይላል። ሌላው ፍላሽ ይኑር፣ ግን ትልቁንና ለብቻው የሚገዛውን ይላል። ሦስተኛው ሪፍሌክተር ይበቃል ባይ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ጥላን በኮምፒውተር ማንሣት እየተቻለ ስለ ፍላሽ መነጋገሩ ራሱ ይደንቃቸዋል። እነዚህን መልሶች አገላብጬ የደረስሁበት ይህ ነው፦ ትንሿ ፍላሽ ማታ የምትነቀፍባቸው ጉድለቶች፣ ደካማነቷና ከሌንሱ ጋር መጣበቋ፣ ቀን ላይ ለሥራዋ የሚስማሙ ጠባዮች ናቸው። ድንበሯም ሰዎች እንደሚሉት ጉልበቷ ብቻ አይደለም፤ የካሜራው ሹተር ነው።

ሩብ ብርሃን ምን ይሠራል

በጠራ ቀትር በበራው ግንባርና በዓይን ጉድጓዱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት በቀላሉ ስምንት እጥፍ ይደርሳል፤ በፎቶ አንሺዎች አነጋገር ሦስት ስቶፕ ነው። በዓይናችን ስናይ ይህን ያህል አይከብደንም፤ አእምሮ ያቻችለዋል። ካሜራው ግን አንዱን ይመርጣል፦ ለግንባሩ ካስተካከለ ዓይኑ ይጠፋል፣ ለዓይኑ ካስተካከለ ግንባሩ ይነጣል።

እንግዲህ በግንባሩ ላይ ያለው ብርሃን 8፣ በዓይን ጉድጓዱ ያለው 1 ነው እንበል። ፍላሹ የፀሐይዋን ሩብ ማለትም 2 ቢጨምር፣ ብርሃኑ ሁለቱም ቦታ ስለሚደርስ ግንባሩ 10፣ ጉድጓዱ 3 ይሆናል። ስምንት እጥፍ የነበረው ልዩነት ሦስት እጥፍ ከምናምን ሆነ። የፀሐይዋ አቅጣጫ አልጠፋም፣ ጥላው አሁንም ጥላ ነው፣ ነገር ግን ዓይኑ ታየ። የፀሐይዋን ግማሽ ቢጨምር 12 እና 5 ይሆናል፤ ይህ ለብዙ ሰው ዓይን ገና ደስ የሚል ነው። ከፀሐይዋ እኩል 8 ቢጨምርስ? 16 እና 9። ያኔ ፊቱ እንደ መታወቂያ ፎቶ ይጠፈጠፋል፣ ማንም ሰው ፍላሽ መተኮሱን ያውቃል።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው፦ ለማሟያ ብርሃን የሚፈለገው ከፀሐይዋ ሩብ እስከ ግማሽ ነው። ማታ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ሁሉን ነገር ማብራት የሚጠበቅበት ፍላሽ ደካማ ከሆነ ዋጋ የለውም። ቀን ላይ ግን ዋናውን ሥራ ፀሐይዋ ጨርሳዋለች፤ የቀረው ጥላውን መደገፍ ብቻ ነው።

ስለ ቦታውም እንዲሁ ነው። ትንሿ ፍላሽ ከሌንሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የምትሠራው ጥላ ከሰውየው ጀርባ ይወድቃል፤ ሌንሱ አያየውም። ማታ ይህ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ብርሃኑ በዓይን ብሌን ገብቶ ከሬቲና ተንጸባርቆ ስለሚመለስም ዓይኑ ደም ለብሶ ይወጣል። ቀን ላይ ግን ማሟያ ብርሃን ከጎን ከመጣ ሌላ ጣጣ ያመጣል፦ የፀሐይዋ የአፍንጫ ጥላ ወደ ታች፣ የፍላሹ የአፍንጫ ጥላ ወደ ጎን፤ ሁለት ፀሐይ ያለበት ዓለም። ለዚህ ነው የስቱዲዮ ሰዎች ማሟያ መብራታቸውን ወደ ካሜራው መስመር ማስጠጋት የሚወዱት። ትንሿ ፍላሽ ፋብሪካው ራሱ እዚያው ላይ ተክሏታል። የቀይ ዓይኑ ችግርም በፀሐይ ብሌን ስለሚጠብብ አይታይም ማለት ይቻላል። በምትኩ ዓይኑ ጥቁር ክፍል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትቀመጣለች፤ ያቺ ነጥብ ያለችበት ፊት ሕይወት አለው።

ከኮኒካ እስከ ኒኮን

ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ አብሮት የተሠራ የመጀመሪያው ካሜራ የጀርመኑ ፎይክትሌንደር ቪትሮና ነው፣ 1964። በስፋት የተሸጠው ግን በ1975 የወጣው የጃፓኑ ኮኒካ ሲ35 ኢኤፍ ነበር፤ ፍላሹ ብቅ የሚል፣ ኪስ የሚገባ፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚይዘው። በ1987 ፔንታክስ ኤስኤፍኤክስ በትልልቆቹ ሪፍሌክስ ካሜራዎች ላይ ብቅ የሚል ፍላሽ አመጣ፤ ብርሃኑም በሌንሱ በኩል የሚለካ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኒኮን ኤፍ-801ን ከኤስቢ-24 ፍላሽ ጋር ሲያወጣ፣ የጀርባውን ብርሃንና የፍላሹን መጠን ካሜራው ራሱ የሚያመዛዝንበትን አሠራር አብሮ አመጣ። ከዚያ በፊት ቀን ላይ በፍላሽ መሥራት በወረቀት ላይ የሚሰላ ነገር ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል፤ ታዲያ ኮምፒውተሩ የት እንደሚሳሳት ማወቅ ያስፈልጋል፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ድንበሩ የት ነው

የፍላሽ ጉልበት የሚነገረው ጋይድ ነምበር በሚሉት ቁጥር ነው፤ በአይኤስኦ 100 ርቀቱ በሜትር በአፐርቸሩ ቁጥር ሲባዛ የሚገኝ። መካከለኛ ዲኤስኤልአር ላይ ያለችው ትንሽ ፍላሽ ቁጥሯ 12 ገደማ ነው። ትናንሾቹ ካሜራዎች ላይ 6 ወይም 7 ይወርዳል።

አሁን ወደ ቀትር ፀሐይ እንውጣ። የፊልም ዘመን ሰዎች በቃል የሚያውቁት ሕግ አለ፦ በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩ ኤፍ/16 ከሆነ ሹተሩ የአይኤስኦው ግልባጭ ነው፤ በአይኤስኦ 100 1/100 ሰከንድ። ፍላሽ ሲነሣ የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሹተር ከ1/200 ወይም ከ1/250 አያልፍም። 1/200 ላይ ብንቆም አፐርቸሩ ኤፍ/11 ይሆናል። 12ን ለ11 ስናካፍል 1.1 ሜትር። ማለትም ፍላሹ ባለ በሌለ ጉልበቱ ተኩሶ ከፀሐይዋ ጋር የሚተካከለው ከአንድ ሜትር ብዙም ባልራቀ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን እኩልነት አልፈለግንም። በ1.5 ሜትር የፀሐይዋን ግማሽ ይሰጣል። በሁለት ሜትር ሲሶ ገደማ፣ ከሁለት ሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ሩብ። ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ ከዚያ በኋላ መውደቁ ፈጣን ነው፦ በሦስት ሜትር ከስምንት አንድ፣ በአምስት ሜትር ከሃያ አንድ። ከዚህ ዝርዝር የሚበቃን ነገር ይገኛል። ፊትና ትከሻ፣ ወይም እስከ ወገብ የሚነሣ ሰው፣ ወይም ተቃቅፈው የቆሙ ሁለት ሰዎች በ1.5 እና በ2 ሜትር መካከል ይነሣሉ፤ ለነሱ ትበቃለች። ሚዜዎቹን አሰልፎ በአምስት ሜትር ለሚነሣ ፎቶ ግን ባትሪ መጨረስ ነው። ደመና ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ አፐርቸሩ ኤፍ/5.6 ላይ ስለሚቆም ያው ግማሽ ብርሃን እስከ ሦስት ሜትር ይዘልቃል።

"አይኤስኦውን ከፍ ላድርገው" የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። አይረዳም። አይኤስኦ 400 ሲሆን ፍላሹ በእርግጥ ሁለት እጥፍ ርቀት ይሄዳል፤ ፀሐይዋም ግን አራት እጥፍ ስለምትበረታ አፐርቸሩ ወደ ኤፍ/22 መጥበብ አለበት፤ ያው 1.1 ሜትር። ዝቅ ማድረግም እንዲሁ። ሌንሱ ላይ ጥቁር ኤንዲ ፊልተር መጫን ጀርባን ለማደብዘዝ ይጠቅማል፤ ርቀቱን ግን አይጨምርም፣ ምክንያቱም ፊልተሩ የፀሐይዋንም የፍላሹንም ብርሃን እኩል ይቆርጣል። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሹተሩ። የፍላሽ ብልጭታ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አብቅቶ ስለሚጠፋ ሹተሩ ቢፈጥንም ባይፈጥንም ግድ የለውም፤ ፀሐይዋ ግን ሹተሩ በፈጠነ ቁጥር ትቀንሳለች። ስለዚህ ሹተሩ 1/500 ላይ ቢሠራ አፐርቸሩ ወደ ኤፍ/7 ይከፈትና 1.1 ሜትር የነበረው 1.7 ይሆናል፣ ፍላሹ ምንም ሳይጠነክር።

ታዲያ ለምን 1/200 ላይ ይቆማል? የትልልቆቹ ካሜራዎች ሹተር ሁለት መጋረጃ ነው። የመጀመሪያው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው መንገዱን ሳይጨርስ ይነሣል፤ ብርሃኑ የሚገባው በመካከላቸው በቀረው ክፍተት ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ፍላሽ ቢበራ የፎቶው አንድ ክፍል ብቻ ይበራል፣ ሌላው በጥቁር ጥብጣብ ተሸፍኖ ይወጣል። ሌንሱ ውስጥ በቅጠል መልክ የሚከፈትና የሚዘጋው ሹተር ግን ይህ ችግር የለበትም። ከዚህ የተነሣ አስገራሚ ነገር ይከሰታል፦ በርካሽ የተገዛች የኪስ ካሜራ ሹተሯ ቅጠላማ ከሆነ፣ በቀትር ፍላሽ ሥራ ከውዱ ካሜራ ጋር ትወዳደራለች። ፉጂፊልም ከ2011 ጀምሮ የሚሸጠው የኤክስ100 ቤተሰብ ይህን ሹተር የያዘ ነው፤ ፍላሹ ጭልጭል የሚል ነው፣ ሹተሩ ግን ከሺኛ ሰከንድ ፈጥኖም ይታዘዘዋል። የኒኮን ዲ70ም በ2004 ሲወጣ በሴንሰሩ ኤሌክትሮኒክ አሠራር ምክንያት እስከ 1/500 ከፍላሽ ጋር ይሠራ ነበር። ከሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ውድ ካሜራዎች ወደ 1/250 መመለሳቸው ለዚህ ሥራ ብቻ ሲታይ ወደኋላ መሄድ ነው።

ኦሊምፐስ በ1986 በኦኤም-4ቲአይ ያመጣው ዘዴ አለ፣ ፍላሹ አንድ ጊዜ ከመብራት ይልቅ በፍጥነት እየተርገበገበ መጋረጃዎቹ እስኪያልፉ የሚቆይበት። ዛሬ ሃይ ስፒድ ሲንክ ይሉታል። ብዙ ጉልበት ስለሚበላ የሚገኘው በውጭ ፍላሾች ላይ ነው፤ ትንሿ ላይ ከስንት አንዴ።

አይሆንም የሚሉት

የተፈጥሮ ብርሃን ወገን ክርክሩ ቀላል ነው፦ ቀትር ላይ አታንሣ፣ ጠዋትና ማታ ያለውን ወርቃማ ብርሃን ጠብቅ። ምክሩ ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ሰማይ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ ተንጋዳ ስለምትወርድ ያ ለስላሳ ብርሃን በመስከረም እንኳ ሰዓት ሊሞላ ይጠጋል፤ በበጋ ይበልጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከአድማስ ስድስት ዲግሪ ከፍ ካለችበት እስክትጠልቅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀትር ላይ ደግሞ በታኅሣሥ ወር ዝቅተኛ በምትሆንበት ጊዜ እንኳ ከአድማሱ 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ልክ አናት ላይ ታልፋለች። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው አየር ስስ ስለሆነም ሰማዩ ወደ ጥላው የሚልከው ብርሃን ያንሳል፣ ጥላው ይጠቁራል። የጥምቀትን ታቦት፣ የመስቀልን ደመራ፣ የሠርግን ጉዞ "ወርቃማው ሰዓት እስኪደርስ ቆዩልኝ" ማለት አይቻልም። ሲያትል ወይም ሎንዶን ያለ ሐበሻ ፎቶ አንሺ ይህን ምክር ቢከተል ያዋጣዋል፤ ባሕር ዳር ያለው ግን አብዛኛውን ቀኑን ሥራ ፈቶ ሊውል ነው።

ወርቃማውን ሰዓት ማግኘት የቻለም ሰው ፍላሽ ሲጨምር አንድ ነገር ይጠብቀዋል። የፍላሽ ብርሃን ቀለሙ ከቀትር ፀሐይ ጋር የተመሳሰለ ነው፣ 5,500 ኬልቪን ገደማ። ስትጠልቅ ፀሐይዋ ከዚያ በጣም ትቀላለች። ያኔ ጀርባው ወርቅ፣ ፊቱ ሰማያዊ ቢጤ ይሆናል። ፍላሹ ላይ ቀጭን ብርቱካናማ ጄል በፕላስተር መለጠፍ ይፈታዋል።

ትልቅ ፍላሽ ግዛ የሚሉት በጉልበት ጉዳይ አይረቱም። አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ጉልበት አለው፣ የሚርገበገበውን ዘዴ ይችላል፣ የራሱ ባትሪ አለው። ትንሿ በኤፍ/11 ስትሠራ ሁልጊዜ ሙሉ ጉልበቷን ስለምትጨርስ በሁለት ፎቶ መካከል ሦስት ሰከንድ ያህል ታስጠብቃለች፤ ደጋግመው ቢጫኗት ሞቃ ለጥቂት ጊዜ አልሠራም ትላለች፣ የካሜራውንም ባትሪ ትበላለች። ሠርግ የሚሠራ ሰው ትልቁን ይግዛ፤ በዚህ አልከራከርም። ልዩነቱ ግን ትልቁ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ የሚቀርበት ቀን መብዛቱ ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለ ፍላሽ ጉልበቱ ዜሮ ነው።

ሪፍሌክተርን እወደዋለሁ። ብርሃኑ ሰፊ፣ ቀለሙም የፀሐይዋው ነው። ግን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፣ ነፋስ ይነጥቀዋል፣ ብራማውን ጎኑን በቀትር ፊት ላይ ያዞሩበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነሣው። ነጩ ጎን ይሻላል። ነጠላ ጭን ላይ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ደግሞ ሳታውቀው የራሷን ሪፍሌክተር ይዛለች፤ ጥሩ ፎቶ አንሺ እንዲያ ያስቀምጣታል።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው። የዘመኑ ሴንሰር ሮው በሚሉት ጥሬ ፋይል ከተነሣ ሦስት ስቶፕ የጠቆረን ጥላ ያለ ብዙ ጉዳት ያነሣል። ስልኮቹም ብዙ ፎቶ በአንድ ቅጽበት ወስደው አቀላቅለው ሰማዩንም ፊቱንም ያስተካክላሉ። ሰው ትንሽ ሆኖ ተራራው ትልቅ በሆነበት ፎቶ ላይ ይህ መንገድ ከፍላሽ ይበልጣል፤ ፍላሹ እዚያ ድረስ አይደርስምና። ቀረብ ብሎ በሚነሣ ፊት ላይ ግን ኮምፒውተሩ ያለውን ያበዛል እንጂ የሌለውን አያመጣም። በጥላ ውስጥ ያለ ቆዳ የሚበራው በሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ሲነሣ ያ ሰማያዊነት አብሮ ይነሣል፣ ጠይም ፊት አመድ ይለብሳል። ዓይን ውስጥ ያልነበረ ነጥብም አይፈጠርም። ፍላሹ ግን ጥላው ውስጥ ንጹሕ ነጭ ብርሃን ይጨምራል። የጥምቀት ዕለት በቀይና በቢጫ ስስ ጥላ ሥር የቆመን ሰው አስቡት፦ ጨርቁን አልፎ የመጣው ብርሃን ፊቱን ቀይ ቀብቶታል። ቀዩን በኮምፒውተር ሲያወጡት ነጠላው አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ደካማ ብልጭታ ይህን በቦታው ያጠራዋል።

ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ

ካሜራዎቹ የተሞከሩበት ፊት የእኛ አልነበረም። ኮዳክ የቀለም ማመሳከሪያ አድርጎ ለፎቶ ቤቶች ይልክ የነበረው ሸርሊ ካርድ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የተለያየ ቆዳ ያላቸውን ያካተተው የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ሴንሰሩ በጣም ተሻሽሏል፤ የፍላሹ አለካክ ግን አሁንም የሚታለልበት ቦታ አለ፣ ያም ነጭ ልብሳችን ነው።

ካሜራው ዋናውን ብልጭታ ከመተኮሱ በፊት ደካማ የሙከራ ብልጭታ ይልካል፤ ተንጸባርቆ የመጣውን ለክቶ መጠኑን ይወስናል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላ የተከናነበች ሴት ፊት ለፊቱ ካለች ያ ብልጭታ ከነጩ ጨርቅ ላይ በርትቶ ይመለሳል። ካሜራው "በቃ፣ በዝቷል" ብሎ ይቀንሳል፤ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ የፍላሹን ማስተካከያ አንድ ስቶፕ ከፍ ማድረግ፣ ወይ መካከለኛውን ነጥብ ፊቷ ላይ አድርጎ መለኪያውን መቆለፍ። ካኖን ላይ ፍላሹ ተነሥቶ እያለ የኮከብ ምልክት ያለበትን ቁልፍ መጫን ነው፤ ሙከራዋ ብልጭታ ያን ጊዜ ብቻ ትተኮሳለች፣ ከዚያ ፎቶውን እንደፈለጉ መልሶ ማቀናበር ነው። ባለ ጥቁር ሱፉ ሙሽራ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፍላሹ ይበዛል፣ ግንባሩ ያብረቀርቃል።

ስለ ማብረቅረቅ ከተነሣ፦ ፍላሹ ላይ ሶፍት ወይም የወተት ቀለም ያለው ፕላስቲክ መለጠፍ የተለመደ ነው። ቤት ውስጥ ብርሃኑን ወደ ግድግዳና ጣሪያ ስለሚበትነው ትንሽ ይረዳል። ውጭ ግን ግድግዳ የለም። የተለጠፈው ነገር የፍላሹን ስፋት እምብዛም አይጨምረውም፤ ያለችውን ጉልበት በግማሽ ይቀንሳታል እንጂ አያለሰልስም። ሶፍቱ የሚያስፈልገው የተነሺው ግንባር ላይ ነው፤ ላቡ ከተጠረገ የሚያብረቀርቀው ነገር አብዛኛው ይጠፋል።

ሌላው የተለመደ ጣጣ አፐርቸር መርጦ በሚሠራው ሞድ ላይ የሚመጣው ነው። ፎቶ አንሺው ጀርባውን ለማደብዘዝ ኤፍ/2.8 ላይ ሲሠራ ቆይቶ ፍላሹን ያስነሣል። ካሜራው ሹተሩን ከ3,000ኛው ወደ 200ኛው ያወርደዋል፣ ከዚያ በላይ አይችልማ። አፐርቸሩ እንዳለ ስለቀረ ፎቶው በሙሉ ነጭ ይወጣል፤ ጥፋቱም በፍላሹ ይላከካል። ፒ ሞድ ላይ ቢሠራ ካሜራው አፐርቸሩን ራሱ ያጠበው ነበር። የሌንስ ከለላ ወይም ረጅም ሌንስ ሲኖር ደግሞ በፎቶው ግርጌ ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ጥላ ይቀመጣል፤ ከለላውን ማውለቅ ነው።

ምን ያህል ይብዛ በሚለው ላይ የጥበቡ ሰዎችም አይስማሙም፣ ሊስማሙም አይገባም። ሆላንዳዊቷ ሪኔከ ዳይክስትራ ከ1992 ጀምራ በባሕር ዳርቻ ያነሣቻቸው ወጣቶች በትልቅ ካሜራና በፍላሽ የተነሡ ናቸው፤ ብዙ ተመልካች ግን ፍላሹን አያስተውልም፣ ልጆቹ ከባሕሩ ፊት ለፊት ተነጥለው መታየታቸውን ብቻ ነው የሚያየው። እንግሊዛዊው ማርቲን ፓር ደግሞ በ1986 ባሳተመው "ዘ ላስት ሪዞርት" በኒው ብራይተን የባሕር ዳርቻ ላይ ፍላሹን በቀን ብርሃን ጮክ አድርጎ ነው የተኮሰው፤ አይስክሬሙ፣ ቆሻሻው፣ በፀሐይ የቀላው ቆዳ ሁሉ ይጮኻል። ሁለቱም የተጠቀሙት ከትንሿ ፍላሽ የጎለበተ ዕቃ ነው፤ ምርጫው ግን ያው ነው። ለሠርግና ለቤተሰብ ፎቶ እኔ ከዳይክስትራ ወገን ነኝ፦ ማስተካከያውን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ፍላሹ መተኮሱ ከታወቀ ደግሞ ሌላ የስቶፕ ሲሶ መቀነስ።

ፋብሪካዎቹ ግን የትንሿን ፍላሽ ጥያቄ በራሳቸው መንገድ እየዘጉት ነው። ኒኮን ዲ810 ላይ የነበረችውን ትንሽ ፍላሽ በ2017 በወጣው ዲ850 ላይ አስቀራት። ሪኮ ጂአር ሁለተኛው ላይ የነበረችው ሦስተኛው ላይ በ2019 ቀረች። የሶኒና የኒኮን ባለሙሉ ፍሬም መስታወት አልባ ካሜራዎች ከመጀመሪያውም አላስገቧትም። ምክንያታቸው የቦታና የውኃ መከላከያ ነው፤ ባለሙያው ትልቁን ይገዛል የሚል ግምትም አለበት። የቀረችው በርካሾቹ ላይ ነው፣ እንደ ካኖን አር50 እና አር10 ባሉት፣ በፉጂፊልም ኤክስ100ም ላይ። ስልኮች ያላቸው ኤልኢዲ እንጂ እውነተኛ ፍላሽ አይደለም፤ ኖኪያ በ2012 እና በ2013 በ808 ፒውርቪውና በሉሚያ 1020 ላይ ዜኖን ፍላሽ አስገብቶ ነበር፣ መንገዱ ግን አልቀጠለም። ኤልኢዲዋ በቀትር ፀሐይ የምትታየው ከክንድ ርዝመት ባልበለጠ ርቀት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ ካሜራ የሚፈልግ ሰው አሮጌ ዕቃ ቢመለከት አይከፋም። ሲገዛ ማየት ያለበት የሜጋፒክስሉን ቁጥር ሳይሆን ሹተሩ ከፍላሽ ጋር እስከ ስንት እንደሚሄድ ነው። ፍላሹ አልነሣ ካለም ወዲያው ተበላሽቷል ብሎ መተው አያስፈልግም። የውጭ ፍላሽ የሚሰካበት የብረት ሐዲድ ጠርዝ ሥር አንዲት ትንሽዬ ማብሪያ ያለችባቸው ካሜራዎች አሉ፤ አቧራ ገብቶ ተጭና ከቀረች ካሜራው ሌላ ፍላሽ የተሰካበት ይመስለዋል፣ ትንሿንም አያስነሣትም። ባትሪውን አውጥቶ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማላቀቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።